ሁለት እርምጃ ቆላ

በዚያ ዓመት ብርዱ ሦስት ሳምንት ቀድሞ መጣ። መጀመሪያ ቲማቲሙ ጠቆረ። ቀጥሎ የፓፓያው ችግኝ ተኛ። በአራተኛው ሌሊት ውርጭ ወረደና ጠዋት የውሃ ገንዳው መስተዋት መስሎ ተገኘ። ከአራት ሺህ ችግኝ ሁለት ሺህ ሰባት መቶው በአንድ ሳምንት አለቀ። ማገዶ ጠፋ። ከሰል የሚያመጣው መኪና ቀረ። አትክልተኛው ለችግኞቹ እሳት ለማንደድ አጥሩን ነቀለ፤ ከአጥሩ በኋላ የመሣሪያ ቤቱን በር ነቀለ። ከዚያ በኋላ የሚነቀል ነገር አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው ጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪዋ መጥረቢያ ይዛ የመጣችው።

«ማንጎዬን ቁረጠው» አለችው።

«የባልሽን ዛፍ?»

«ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመቱ። ዛፉም እሱን ተከትሎ ማፍራቱን ትቷል። አንተ ደግሞ ከነዚህ ችግኞች በቀር ለልጆችህ የምታበላው የለህም። ሐሳቤን ሳልቀይር ቁረጠው።»

ቆረጠው። እንጨቱ እርጥብ ስለነበር ከመንደዱ ማጨሱ ይበዛ ነበር፤ ጭሱ ግን በመደቦቹ ላይ እንደ ጋቢ ተኝቶ ሦስት ሌሊት ውርጩን መለሰ። የቀሩት ችግኞች ተረፉ። ልጆቹም በሉ።

«እተካልሻለሁ» አላት።

«እሺ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ ወዲያም አንድ ቀን አንስታበት አታውቅም። የሚጠይቅ አበዳሪ ይሻላል፤ ዝም የሚል አበዳሪ ግን በሄድክበት ይከተልሃል። አትክልተኛው ከዚያን ቀን ጀምሮ «አንቺ» ማለት ከበደውና ጎረቤቱን «እርስዎ» ይላት ጀመር። እሷ ሳቀችበት። እሱ አልተወም።

እንዲህ ሆኖ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ።

አትክልተኛው ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። ነገር ግን ብርዱ ዳግመኛ ሳይታሰብ እንዳይመጣበት ብሎ አንድ የተዘጋ ክሊኒክ ዕቃውን ሲሸጥ የግድግዳ ቴርሞሜትር ገዛ። በዳቦ ቤቱ የጀርባ ግድግዳ ላይ፣ ከተቆረጠው ማንጎ ጉቶ በላይ ሰቀለው። ቦታው ጥሩ ነበር። የጣሪያው ክፈፍ ዝናብ ይከልለዋል፣ ጥላ አለው፣ እሱም ወደ መደቦቹ ሲሄድ በዚያው ነው የሚያልፈው። በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ያነብና በደብተር ይጽፋል። ቀኑን፣ ዕለቱን፣ ዲግሪውን። ዝናቡን ደግሞ በአትክልቱ መካከል ባስቀመጠው ጣሳ ይይዝና በማስመሪያ ይለካል። ታሞ እንኳ አላቋረጠም። የሰፈሩ ሰው «ባለዲግሪው» ሲል ስም አወጣለት።

«አራተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ዲግሪ የያዘ እሱ ብቻ ነው» ይሉ ነበር።

ማንጎውን ለመተካት ያልሞከረው የለም። አሥራ አንድ ጊዜ ተከለ። ለእንግዳ የተሻለው መደብ ይሰጣል ብሎ ሁሌም የአትክልቱን መካከል መረጠለት። አፈሩ ጥልቅ፣ ፀሐዩ ሙሉ፣ ፍጉ የበሰለ። አሥራ አንዱም ብርዱ በመጣ ቁጥር ጠቁረው ሞቱ።

በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከዳቦ ጋጋሪዋ ሟች ባል የትውልድ ቦታ፣ ከሞቃቱ ቆላ፣ ሰባት ፍሬ አመጣለት። ለተቆረጠው ማንጎ እናት የሆነችው ዛፍ የመጨረሻ ፍሬዎች ነበሩ፤ ያን ዓመት ወንዝ ሞልቶ እናቲቱን ወሰዳት። ሰባቱም በቀሉ። ባለፈው ብርድ አምስቱ ሞቱ። የቀሩትን ሁለቱን በየጣሳቸው ቤት አስገባቸው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ብርሃን አጥተው ቅጠላቸው ገረጣ። ውጭ ቢያወጣቸው ብርዱ፣ ውስጥ ቢያስቀምጣቸው ጨለማው። አዲሱ ብርድ ሊገባ ስድስት ሳምንት ቀርቷል። እሱ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከሞቱ «እተካልሻለሁ» ያላት ቃል ከሱ ጋር ሊቀበር ነው።

እንዲህ ባለበት ሰሞን የእህቱ ልጅ መጣች። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነች። የፊዚክሱ መምህር ሥራ ለቆ ስለሄደ የሱንም ክፍል ትሸፍናለች።

«አጎቴ፣ ደብተሮችዎን ያውሱኝ» አለችው።

«ለምን?»

«መጽሐፉ ላይ ያለው የአየር ንብረት ግራፍ ሁሉ ማንም ሄዶ የማያውቀው አገር ነው። ልጆቹ እያዛጉ ሞቱብኝ። የራሳቸውን ከተማ ቢሥሉ ይነቃሉ።»

ጥቂት አሰበ። ከዚያ አሥራ ሰባቱን ደብተር ከላስቲክ መጠቅለያው አወጣና እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ አስረከባት።

«ውሃ እንዳይነካው።»

«እሺ።»

«ዘይት እንዳይነካው።»

«እሺ አጎቴ።»

«ቆሻሻ እጅ—»

«ልጆቹን አጥቤ ነው የማስገባቸው!» ብላ ሳቀችና ሄደች።

በሳምንቱ እየሮጠች ተመለሰች። ጠመኔው ከእጇ አልታጠበም፤ አንዱ ጫማዋ ክሩ ተፈትቷል። አትክልተኛው ቱቦ ይዞ ውሃ ያጠጣ ነበር።

«ቱቦውን ይጣሉት! ይህን ይዩልኝ!»

ወረቀቱን በተገለበጠ ሣጥን ላይ ዘረጋችው። ከሥሩ አሥራ ሁለቱ ወራት ተደርድረዋል። ሰማያዊ ዘንጎች ከየወሩ ላይ ቆመዋል፤ በላያቸው ደግሞ ቀይ መስመር እንደ ክር ተዘርግቷል።

«ዘንጉ ዝናብ ነው። ረጅም ዘንግ ብዙ ዝናብ፤ አጭር ዘንግ ጥቂት። ቀዩ መስመር ሙቀቱ ነው። አንድ ቦታ ምን እንደሚያበቅል ለማወቅ ሄዶ ማየት አያስፈልግም፤ ይህን ሥዕል ያነበበ ያውቀዋል። አየር ንብረቱና ዕፅዋቱ አንድ ዓይነት የሆነ ሰፊ ምድር ባዮም ይባላል። በረሃው አንድ ባዮም፣ ጥቅጥቅ ያለው ደን ሌላ። እሺ? አሁን ዝናባችንን ይዩ።»

«አራት ወር ዝናብ፤ የቀረው ደረቅ» አለ አትክልተኛው። ይህን ያለ ወረቀት ያውቀዋል።

«ሣር ያለበት፣ ዛፍ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለበት ምድር። የኛው ነው፣ ትክክል። አሁን ቀዩን ይዩ።»

አየ። መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ለጥ ብሎ ይሄዳል። በብርዱ ወራት ትንሽ ዝቅ ይልና ተመልሶ ይቀናል።

«በጣም ቀዝቃዛው ወር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ! ይህ መስመር ብርድ የሚባል አያውቅም። አንዷ ተማሪዬ ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹ቲቸር፣ ታዲያ እኛ ኮት የምንለብሰው ለፋሽን ነው እንዴ?›»

አትክልተኛው ፊቱ ጠቆረ።

«ውርጭ ንብረቴን በልቶታል። እኔ ነኝ የማውቀው።»

«እኮ!»

«የጻፍኩትም ያየሁትን ነው። አንድ ቀን አልዘለልኩም።»

«እሱንም አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሌሊቱን ደብተሩን ሳገላብጥ ያደርኩት። አሁን ይህን ይዩልኝ።» ሌላ ወረቀት አወጣች። የአንድ ብርዳም ወር ጠዋቶች ናቸው። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስድስት፣ ከዚያ ስምንት። እንደገና አሥራ አምስት፣ አሥራ ሰባት እያለ ይሄድና ደግሞ ስምንት። «ስምንት የሆነው መቼ መቼ ነው?»

አነበበ። «ሰኞ።»

«ይህስ?»

«ሰኞ።»

«ሁሉም ሰኞ! አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ! አጎቴ፣ ብርድ ቀን ይቆጥራል እንዴ? ሰማይ ሰኞን ከማክሰኞ ይለያል?»

አትክልተኛው ቱቦውን ለቀቀው። የቱቦው ውሃ እግሩ ሥር ይፈስሳል። ቀስ ብሎ ወደ ዳቦ ቤቱ የጀርባ ግድግዳ ሄደ። መዳፉን ከቴርሞሜትሩ ጎን አሳረፈ። ሞቃት ነው። ዞረና ጀርባውን አስደገፈ። ይህንንማ በየጠዋቱ ያደርገዋል። ወገቡን ያመዋልና ደብተሩን ከጻፈ በኋላ ጥቂት ይደገፋል፤ ይሻለዋል። ድመቶቹም እዚሁ ነው የሚተኙት። ጀርባው ያወቀውን ጭንቅላቱ አሥራ ሰባት ዓመት አልሰማም።

ከግድግዳው ወዲያ ማዶ የዳቦው ምድጃ ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ይነድዳል። እሑድ ብቻ ያርፋል። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ሰኞ ሌሊት የተቀጣጠለው እሳት እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ውጭ አይደርስም።

«የምድጃ ትኩሳት ነው ስለካ የኖርኩት» አለ። ድምፁ ወረደ። «አሥራ ሰባት ደብተር ውሸት።»

«ኧረ አልገባዎትም!» ልጅቷ ክንዱን ይዛ ነቀነቀችው። «ውሸት አይደለም! እያንዳንዱ ቁጥር እውነት ነው። የከተማችንን አይሁን እንጂ የጻፉት የሆነ ቦታን አየር ንብረት ነው። ያ ቦታ ደግሞ ይኸው! የቆሙበት!»

አትክልተኛው ወደ እግሩ አየ። በግድግዳውና በአጥሩ መካከል ያለች ቀጭን መሬት ነች። ወርዷ ሁለት እርምጃ፣ ርዝመቷ ስድስት። ከመካከሏ አሮጌ ጉቶ።

ጉቶውን አየው። 

«አንቺ ልጅ» አለ፤ «የዚያን የቆላ ግራፍ ልትሥዪ ትችያለሽ? የሟቹን አገር?»

«ቁጥሩ አትላሱ ላይ አለ።»

«አሁን?»

«አሁን!»

ወደ ዳቦ ቤቱ ገቡ። አትክልተኛው ሲቸኩል አይቶት የሚያውቅ ስለሌለ ወረፋ ላይ የነበሩ ሁለት ሴቶች እሳት የተነሣ መስሏቸው ወጡ። ልጅቷ አትላሱን ከቦርሳዋ አውጥታ መሸጫው ጠረጴዛ ላይ በስስ ወረቀት የቆላውን መስመር ሣለች። ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ደራርባ ብርሃን በሚገባበት የመስኮት መስተዋት ላይ ለጠፈቻቸው።

ቀይ በቀይ ላይ ተኛ። አንዱ ከሌላው የፀጉር ያህል ካልሆነ አልተለየም።

ዳቦ ጋጋሪዋ እስከ ክርኗ ዱቄት ተቀብታ ከጓዳ ወጣች።

«ምንድን ነው? ደንበኞቼን ያባረራችሁት ለሥዕል ነው?»

«እትዬ፣ ይህ የባለቤትዎ አገር ሙቀት ነው» አለች አስተማሪዋ። «ይህ ደግሞ የጀርባ ግድግዳዎ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ፊደል ብዙ አታውቅም። ሁለት መስመር አንድ ሲሆን ግን ማንም ያያል። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ቆመች።

«እዚያ ግድግዳ ሥር ነበር የሚቀመጠው» አለች። «ሥራ ሲጨርስ ‹ወዴት ነህ?› ስለው ‹አገሬ ልገባ ነው› ይለኝ ነበር። ቀልዱ መስሎኝ እስቅበት ነበር።»



«ማንጎውን ለምን እዚያ ተከልከው ሲባልስ?» አለ አትክልተኛው።

«‹እሱም ይናፍቃል› አለ።»

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» አለ አትክልተኛው፤ ለራሱ ነው የተናገረው። «አሥራ አንዱንም ምርጥ መደብ ሰጥቼ ገደልኳቸው። ዛፉ የፈለገው አፈር አልነበረም።» ከዚያ ቀና አለ። «እርስዎ እሑድ መዝጋት የጀመሩት መቼ ነው?»

«እሱ ሲሞት። ብቻዬን ሰባቱን ቀን አልቻልኩትማ።»

«ማፍራት ያቆመው?»

«በዚያው ዓመት...» አለችና አፏን በዱቄታም እጇ ያዘች። «ኧረ በስመ አብ! በርዶት ነው!»

«በርዶት ነው» አለች አስተማሪዋ፤ እንደ ልጅ ዘለለች። «በሳምንት አንድ ሌሊት!»

ዳቦ ጋጋሪዋ አንገቷን ነቀነቀች። «ዛፉ እሱን አጥቶ ያዘነ መስሎኝ አብሬው አለቀስኩ። ለካ ማገዶ ነው የጠየቀኝ። ባለዲግሪው፣ ስማ። ሁለቱን ችግኝ አምጣ። እሑድ እሑድም አነዳለሁ።»

«አይሆንም።»

«ምድጃው የማን ሆነና?»

«እጅዎ የማን ነው? ሐኪሙ በሳምንት አንድ ቀን ይረፍ ብሎዎታል። ዕዳዬን ለመክፈል ሌላ ዕዳ አልገባም።»

«ግትር» አለች።

«ይሁን።»

«ቆይ፣ ቆይ» አለች አስተማሪዋ። ዓይኗ ከጓዳው የዱቄት ማቡኪያ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ወርዱ የበር ያህል ሆኖ ዱቄት ተነስንሶበታል። ጣቷን ነከረችና በዱቄቱ ላይ መጻፍ ጀመረች። «ሙቀት የሚቀመጥ ነገር ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ያንን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ አራት ሺህ ሁለት መቶ ጁል ይፈልጋል። ጁል የሙቀት መለኪያ ነው፤ ልክ ዱቄቱ በኪሎ እንደሚለካው። ያው ውሃ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ያንኑ አራት ሺህ ሁለት መቶ ይተፋል። አይሰርቅም።»

«የተበደረውን ይመልሳል» አለ አትክልተኛው።

«እስከ መጨረሻዋ! ስድስት ቀን ከግድግዳው ሙቀት ይጠጣል፣ እሑድ ሌሊት ለችግኞቹ ይመልሳል። ማወቅ ያለብን ሌሊቱ ስንት እንደሚፈልግ ነው።»

«እሱንማ እንለካዋለን» አለ አትክልተኛው።

በማግሥቱ ያችን ቀጭን መሬት ለሁለቱ ችግኞች በሚበቃ መጠን በድርብ ላስቲክ ሸፈነ። ልኩን የምታህል ሌላ ድንኳን ደግሞ የምድጃው ሙቀት ልኬቱን እንዳያበላሽ ከግድግዳው ርቆ፣ በአትክልቱ መካከል ሠራ። ቀኑ ሲመሽ ዳቦ ጋጋሪዋ ሃምሳ ዲግሪ የሞቀ ሃያ ሊትር ውሃ በዳቦ መጋገሪያ ትሪዎች አከፋፍላ እዚያ ውስጥ ደረደረችለት። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀመሩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የድንኳኑ ሙቀት ሊወርድ አለ፤ ውሃው ሃያ ዲግሪ ደርሶ ነበር።

«ሃያ ኪሎ፣ በአራት ሺህ ሁለት መቶ፣ በሠላሳ ዲግሪ» አለች አስተማሪዋ፤ አሁን በጠመኔ ባልዲ ላይ ትጽፋለች። «ሁለት ሚሊዮን አምስት መቶ ሃያ ሺህ ጁል። በሁለት ሰዓት ተኩል። በሰዓት አንድ ሚሊዮን ገደማ በላ ማለት ነው። ሌሊቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አሥራ ሁለት ሚሊዮን!»

«የስንት ሰው ቀለብ ነው ይህ?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

«የአንድ በርሜል ውሃ! ሁለት መቶ ሊትር፤ ግድግዳው ሃያ አራት ዲግሪ ያደርስልናል፣ ሌሊት እስከ ዘጠኝ ዲግሪ ቢወርድ አሥራ አምስት ዲግሪ ይሰጠናል። ሁለት መቶ በአራት ሺህ ሁለት መቶ በአሥራ አምስት...» ጠመኔው ተሰበረ። «አሥራ ሁለት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ! ይበቃል! እንዲያውም ይተርፋል!»

አትክልተኛው ባልዲውን ዞር ዞር እያደረገ አየ። ቁጥሩን ሁሉ አልተከተለም። መጨረሻውን ግን አየ።

«ሁለት በርሜል» አለ።

«አጎቴ፣ አንዱ ይበቃል እኮ። አስልቼዋለሁ።»

«ልክ በልክ የተሰፋ ሱሪ ሲቀመጡበት ይተረተራል።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ሳቀች። «ሂሳቡን አንቺ ሠራሽ፤ ብርዱን ግን እሱ ነው የሚያውቀው። ሁለት ይሁን።»

ሁለቱ በርሜሎች ክዳናቸውን ይዘው ግድግዳው ላይ ተጠጉ። ችግኞቹ በመካከላቸው ገቡ። በአራተኛው ቀን ውሃው ሃያ አራት ዲግሪ ደረሰ። አትክልተኛው በአትክልቱ መካከል፣ ነፋስ በሚያሳልፍ ነጭ ሣጥን ውስጥ፣ ሁለተኛ ቴርሞሜትር ሰቀለ። ደብተሩም ሁለት ሆነ። በአንዱ ልባስ ላይ «ከተማ» ብሎ ጻፈ። በሌላው ላይ «ቆላ»።

ብርዱ ገባ። የመጀመሪያው ሰኞ አለፈ፤ ሁለተኛውም። ችግኞቹ አልሞቱም፤ ግን የብርዱ ክፉ ገና አልመጣም ነበር። በአምስተኛው እሑድ ቀኑን ሙሉ ደመና የሚባል አልታየም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ቆመ። አትክልተኛው ሰማዩን አየ። እንዲህ ያለ ሰማይ አንድ ጊዜ አጥሩን አስነቅሎታል። ላስቲኩን ዳር ዳሩን በድንጋይ ጫነ፤ በላዩ ባዶ የዱቄት ጆንያዎች ደረበ። ከዚያ ወዲያ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ቤቱ ገብቶ ተኛ፤ እንቅልፍ ግን በሌላ ቤት አደረ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲወጣ ሁለቱ ሴቶች ቀድመውት ቆመዋል። አንዷ በዱቄት፣ አንዷ ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ።

«ያለ እርስዎ አልከፈትንም» አለች አስተማሪዋ። ጥርሷ ይንገጫገጫል።

የውሃ ገንዳው መስተዋት ይዟል። በነጩ ሣጥን ውስጥ ያለውን ቴርሞሜትር አነበበ። ከዜሮ በታች ሁለት። ይህን ያህል በዕድሜው አልጻፈም። «ከተማ» በሚለው ደብተር ላይ ጻፈው።

ወደ ግድግዳው ሄዱ። ጆንያው በውርጭ ደርቆ እንደ ጣውላ ይንኳኳል። አነሣው። የላስቲኩን ጥግ ገለጠ።

ለብ ያለ አየር ፊቱ ላይ መጣ። የእርጥብ አፈር ሽታ ነበረው።

«ስንት ነው? ስንት ነው?» ልጅቷ ከኋላው ትገፋዋለች።

መነጽሩን ጠርጎ የውስጡን ቴርሞሜትር እንደገና አነበበ። «አሥር።»

«አሥር!» ብላ ጮኸች። ክዳኑን ከፍታ ቴርሞሜትሯን በርሜሉ ውስጥ ነከረች። ከዚያ ሁለተኛው ውስጥ። «ሁለቱም አሥራ ስድስት። ስምንት ዲግሪ ሰጥተዋል። አራት መቶ ኪሎ በአራት ሺህ ሁለት መቶ በስምንት...» በጣቷ በጆንያው ውርጭ ላይ ጻፈች። ጻፈችና ቆመች። «አሥራ ሦስት ሚሊዮን አራት መቶ አርባ ሺህ።»

«የአንዱ ስንት ነበር ያልሺው?» አለ አትክልተኛው።

«አሥራ ሁለት ሚሊዮን ከስድስት መቶ ሺህ።»

«በአንዱ ብቻ ቢሆን ሱሪው ተተርትሮ ነበር» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

ልጅቷ አጎቷን አንገቱን አቅፋ ሳመችው። እሱ እንዲህ ያለ ነገር አይወድም፤ ያን ቀን ግን ዝም ብሎ ተሳመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በችግኞቹ አናት ላይ ያለውን አሳያቸው። ከትልቁ ጫፍ ላይ አዲስ ቅጠል ወጥቷል። እንደ ድመት ምላስ ቀይ፣ እርጥብ፣ ወደ ታች የተንጠለጠለ።

ዳቦ ጋጋሪዋ በአንድ ጣቷ ነካችው። ጣቷ ላይ የነበረው ዱቄት ቅጠሉ ላይ ቀረ። አትክልተኛው እፍ ብሎ አጠራው።

ብርዱ ሲወጣ ትልቁን ከጉቶው አጠገብ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቆ ተከለው። ሁለተኛውንም ይዞ መጣ።

«ይህስ?» አለችው።

«የቆረጥኩት አንድ ነው። ይህ ወለዱ ነው።»

«አሥራ ስምንት ዓመት አቆይቶ አንዲት ወለድ! ቋጣሪ» አለችና ጉድጓዱን ራሷ ቆፈረች።

ሁለተኛው ብርድም አለፈ። በርሜሎቹ ሥራቸውን ሠሩ፤ ችግኞቹ ላስቲኩን ከፍ አስደረጉ። በዚያ ዓመት በሞቃቱ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አትክልተኛው የ«ቆላ»ን ደብተር ይዞ ሲመጣ ዳቦ ጋጋሪዋ መቀመጫ ዱካዋን ይዛ ከጀርባው በር ወጣች። ሥራ ጨርሳለች። ያን ዱካ እዚህ ቦታ ካየው ሃያ ዓመት ይሆነዋል።

ዛፉ ከወገቧ ጥቂት ያልፋል። ጥላው የትሪ ያህል ነው። ዱካዋን እዚህ አደረገች፣ እዚያ አደረገች፤ የትም ብታደርገው ፀሐይ ላይ ነች።

«ጥላ አለህ ብዬ ነበር የመጣሁት» አለች ዛፉን።

«ትንሽ ወዲህ» አለ አትክልተኛው። ዱካውን አንሥቶ በልክ አስቀመጠው፤ ለቴርሞሜትር ቦታ እንደሚመርጥ አድርጎ። «አሁን ተቀመጪ።»

ቀና ብላ አየችው። ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» መመለሱን ሰምታለች። ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀችና ቀኝ እግሯን ወደ ፊት ዘረጋች። ጥላው እግሯን ከጣቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሸፈነው።

«አገሬ ገባሁ» አለች፤ ሳቀችም።

አትክልተኛው ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ዲግሪውን ጻፈ። ሠላሳ አንድ። ከጎኑ ሌላ ነገር ጽፎ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ግን በዚያው መስመር ላይ «ተከፈለ» ብሎ ጨመረበትና ደብተሩን ዘጋ።